ብረቱን ከአሮጌ፣ ጎሚኒውን ከአዲስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ለዓመታት የቆመች መኪናን ከሌላ መኪና በተፈታ ዕቃ እቤት ውስጥ ስለ ማደስ። የጻፉልን አብዛኞቹ የቮልስዋገን ቢትል፣ ሁላችንም ቮልስ የምንላት መኪና ባለቤቶች ናቸው። አይገርምም። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፣ የመጨረሻዋም ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ዕቃዋ ዛሬም የሚገኘው ለዚህ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሌላ ዓይነት መኪና ያላችሁም አንብቡት፤ ቁጥሩ ቢለያይም አካሄዱ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጎቴ ለዓመታት የቆመች ቮልስ ሰጠኝ። እኔ ቀለሟን ቀይሬ እንድታምር ነው የጓጓሁት። ጓደኞቼ ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሳው ይሉኛል። ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ከሁለቱም አትጀምር ወንድሜ። መጀመሪያ ምንጣፉን ሁሉ አንሳና ወለሉን እይ። ከዚያ ክሪክ አድርገህ፣ ካቫሌቶ (መኪና የሚቆምበት የብረት እግር) ላይ በደንብ አስቀምጠህ፣ ከሥር ገብተህ እይ። ሞተር ይለወጣል፣ ቀለም ይቀባል። ዝገት የበላው ሻንሲ (መኪናዋን ከሥር የያዛት ብረት) ግን ሌላውን ሥራህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የቮልስ አካልና ወለል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ በቡሎን ነው የተያያዙት። በግራና በቀኝ፣ በበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ባዶ የላሜራ ቱቦ የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ ያመጣል፤ ግን ሥራው እሱ ብቻ አይደለም፣ አካሉን ቀጥ አድርጎ የያዘውም እሱ ነው። ውኃ ከገባበት ከውስጥ ስለሚዝግ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ስለዚህ በዓይንህ አትመን። ካቻቢቴ ይዘህ በጫፉ ጠንከር አድርገህ ንካው። ጤነኛ ብረት ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ይሰጣል ወይም ካቻቢቴው ሰርስሮ ይገባል። ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበትን ቦታ ደግሞ በተለይ እይ፤ አሲድ እየተንጠባጠበበት ስለሚኖር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበሳው እሱ ነው።

በሮቹም ብዙ ይናገራሉ። በሩ ሲዘጋ ማንሳት ካስፈለገህ፣ ከፍተህ በእጀታው ወደ ላይ ወደ ታች አነቃንቀው። ማጠፊያው ላይ ከተንቀጠቀጠ ችግሩ የማጠፊያው ነው፣ ቀላል ነው። ማጠፊያው ጠንካራ ሆኖ በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ግን አካሉ መሃሉ ላይ ወርዷል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የጎን ቱቦውን ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ የብረት ቧንቧ በይደህ እሰረው። ሳታስር ከቆረጥክ አካሉ ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ በር የሚባል ነገር አይገጥምልህም። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ አትቁረጥ፤ አንዱን ጨርስና ወደ ሌላው ሂድ።

ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ መቀባት የሚባለውን ምክር ደግሞ አትስማ። ስቱኮ የላሜራን ትንሽ ጎድጓዳ ለማስተካከል ነው፣ ክብደት አይሸከምም፣ ከሥሩ ያለውን ዝገት ደግሞ ከዓይንህ ይደብቅልሃል እንጂ አያቆመውም። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ነው መፍትሔው። ብየዳ የማትችል ከሆነ ይህችን ክፍል ለባለሙያ ስጣትና ሌላውን ራስህ ሥራ። ምንም አያሳፍርም።

ከዚያ ተራው ፍሬን፣ ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ነው። ቀለም መጨረሻ።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ መኪና ናት፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም አልነካትም። ልጆቼ እንሽጣት ይላሉ፣ እኔ ግን ልቤ አልፈቀደም። የጠራሁት መካኒክ ሞተሩ ነክሷል፣ አይዞርም፣ ሌላ ሞተር ከተፈታ መኪና ይገዛ አለኝ። እውነቱን ነው ወይ?

መልስ፦ እመቤቴ፣ እግዜር ያጽናዎት። መኪናዋን አለመሸጥዎ ደስ ብሎኛል፣ እንደኔ ከሆነ ገና አይቸኩሉ። ቆሞ የነከሰ ሞተርና እየሄደ የነከሰ ሞተር አንድ አይደሉም። እየሄደ ሙቀት በዝቶበት የነከሰ ብዙ ጊዜ ውስጡ ተጎድቷል። ቆሞ የነከሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፒስቶን ቀለበቶቹ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቀው ነው፤ በትዕግሥት የሚለቅ አለ።

መካኒኩ እንዲህ ያድርግልዎ። አራቱን ካንዴላ (የእሳት መጫሪያ) ያውጣ። በየቀዳዳው ዝገት አስለቃቂ ዘይት ይርጭ። የቮልስ ሲሊንደሮች ተኝተው ስለሚሠሩ የፈሰሰው ዘይት ታች ታች ብቻ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ አፍስሶ መሄድ አይበቃም፤ ወደ ላይኛው ጠርዝም እንዲደርስ በቀጭን ቱቦ እየረጨ ለቀናት ይደጋግመው። ከዚያ የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ፣ ማለትም ቺንጋው (ቀበቶው) የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ላይ ባለው 30 ቁጥር ቡሎን ቀስ ብሎ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሞክር። ትንሽ እንኳን ከተንቀሳቀሰ ተስፋ አለ። በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ማስገደድ፣ መኪናውን ማርሽ አስገብቶ መጎተት፣ ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቶ መታገል ፈጽሞ አይፈቀድም። የሚሰበረው ነገር ከሚለቀው ይበልጣል።

ከለቀቀ በኋላም ወዲያው አያስነሱት። አሮጌው ዘይት ተደፍቶ አዲስ 2.5 ሊትር ይግባ። አብዛኞቹ ቮልሶች የዘይት ፊልትሮ የላቸውም፣ ከሥር ወንፊት ብቻ ነው ያላቸው፣ እሱም ወጥቶ ይታጠብ። የቆየው ቤንዚን ይውጣ፣ ታንከሩ ይጽዳ። አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ አይጥ ደግሞ ማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ ጎጆ መሥራት ትወዳለች። ያ ጎጆ ካልወጣ ሞተሩ ተነስቶ ደህና ሲሠራ ቆይቶ በሙቀት ይጠፋል። ሽፋኑ ይነሳና ውስጡ ይታይ። የቫልቮቹም ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይለካ፤ ለአብዛኞቹ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። መጨረሻ ላይ ካንዴላዎቹ ወጥተው እንዳሉ በሞተሪኖ ይዙርና የዘይቱ መብራት ሲጠፋ ካንዴላ ይመለስ፣ ያኔ ይነሳ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንቢ ካለ፣ የተፈታ ሞተር ሲገዙ አንድ ፈተና አለ፣ ሻጩ ፊት የሚደረግ። ፑሌጃውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ውስጥ መግፋት፣ ወደ ውጭ መሳብ። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሄድ የሚፈቀድለት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ በእጅ እምብዛም አይታወቅም። ኳ ኳ የሚል እንቅስቃሴ ከተሰማ የሞተሩ ቤት ተበልቷል፤ ትተውት ይሂዱ። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ በካንዴላው ቀዳዳና በቫልቮቹ መካከል ስንጥቅ መኖሩንም ይዩ። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው በተቀመጠበት ሥር ተመትቷል። ተፍቆ ካገኙት አይግዙ። ምክንያቱን መናገር አያስፈልገኝም።

ጥያቄ፦ ከተፈታ መኪና ምን ምን ልግዛ፣ ምን ምን አዲስ ልግዛ? ሁሉንም አዲስ ለመግዛት አቅም የለኝም።

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የጓጓሁለት ጥያቄ ይኼ ነው። እኔ የምሄድበት ሕግ አጭር ነው፤ ብረቱን ከአሮጌ፣ ጎሚኒውን ከአዲስ። ጎሚኒ የምለው የላስቲኩን ዕቃ ነው።

ኮፋኖ (ክዳን)፣ ፓራፋንጎ (የጎማ ጭቃ መከላከያ)፣ በር፣ መስታወት፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት ብረት)፣ የወንበር ብረት፣ እጀታ፣ ማጠፊያ፣ የበር ቁልፍ፣ የመሪ ጎማ፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፤ እነዚህን ከተፈታ መኪና ያለ ስጋት ውሰድ። እንዲያውም የድሮ ፓራፋንጎ ዛሬ ከሚሸጠው ርካሽ አዲስ ፓራፋንጎ የተሻለ የሚገጥምበት ጊዜ ብዙ ነው። የድሮው ላሜራ ወፍራም ነው፣ የቡሎን ቀዳዳውም ቦታው ላይ ነው። ትንሽ የተጎዳ ኦሪጅናል አግኝተህ ብትቀጠቅጠው ይሻልሃል፣ ይህን በርትቼ ነው የምልህ።

ጎሚኒና የሚያልቅ ነገር ግን አዲስ። የፍሬን ጎሚኒ ቱቦ ከውጭ አዲስ መስሎ ከውስጡ አብጦ ይዘጋል፤ ስትረግጥ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ስትለቅ አይመልስም፣ ጎማው እንደታሰረ ይቀራል። የፍሬን ሲሊንደር ውስጡ ዝገት ከያዘው አዲስ ጎሚኒ ብታስገባበትም ያፈሳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የቆየውን በሙሉ አስወጣ፣ አዲስ ከገባም በኋላ በየሁለት ዓመቱ ቀይር። የፍሬን ሸራ፣ የቤንዚን ቱቦ፣ ቺንጋ፣ የመሪ ጫፎች፣ ሁሉም አዲስ። በዚህ ላይ ገንዘብ የለኝም ካልክ መኪናዋ እስክታገኝ ትቁም። ሌላው ቦታ ላይ እንደፈለግህ ቆጥብ፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም።

የጎማ ነገር ሲነሳ፣ የተፈታው መኪና ላይ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ አይተህ አትጓጓ። ጎኑ ላይ ከዲኦቲ ፊደሎች በኋላ ባለው ተራ መጨረሻ አራት አኃዝ ታገኛለህ። 3519 ካለ በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት ነው። አሥር ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር አትጠቀምበት።

መሃል ላይ ያሉ ዕቃዎችም አሉ። ካርቡራተር ቤቱን ከአሮጌ ውሰድ፣ የውስጥ ጎሚኒውንና በብረቶቹ መካከል የሚገባውን ወረቀት አዲስ ግዛ። ስትመርጥ የጋዙ ዘንግ በቀዳዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላወስ እንደሆነ በጣትህ ሞክረው፤ ከተላወሰ አየር ያስገባል፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ መቼም አይረጋልህም። ዲናሞና ሞተሪኖም አሮጌ ይሆናሉ፣ ብሩሻቸውና ኩሽኔታቸው ከተቀየረ።

ቦታ ካለህ ግን ሌላ ምክር አለኝ። ዕቃ ከዚህም ከዚያም ከምትለቅም የአንተን ዓመትና ሞዴል የምትመስል አንዲት የሞተች መኪና ሙሉዋን ግዛ። ቡሎኑ፣ ክሊፑ፣ ትንሿ ብረት ሁሉ እዚያው ትገኛለች። ከዚህም በላይ የአንተዋ መኪና ላይ የጠፋ ነገር እንዴት እንደነበር ሄደህ የምታይበት ምሳሌ ይኖርሃል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ግን አትፍታ፤ ይህን የማያከብር ሰው መጨረሻው ሁለት ክምር ብረት ነው። የምትፈታውን ሁሉ ፎቶ አንሳ፣ ቡሎኖቹን በከረጢት አድርገህ ከየት እንደወጡ ጻፍባቸው።

ጥያቄ፦ ጎማዋ በአምስት ቡሎን የሚታሰር ቮልስ አለችኝ። አራት ቸርኬ በጥሩ ዋጋ አግኝቼ ገዛሁ፣ ግን የአራት ቡሎን ሆኑብኝ። ቀዳዳ አስበስቼ ላስገጥማቸው?

መልስ፦ አይሆንም፣ በፍጹም። ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ የአምስቱ ቡሎን 205 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአራቱ 130። ልዩነቱ ቀዳዳ በመብሳት የሚታረቅ አይደለም፣ ጎማ ይዞህ የሚሄድ ነገር ላይ ደግሞ ሙከራ አይደረግም። አምስቱ እስከ 1967 ባሉት፣ አራቱ ከ1968 ሞዴል ወዲህ ባሉት ላይ ነው በብዛት የሚገኘው። ቸርኬዎቹን መልስ ወይም ለሚሆነው ሰው ቀይር። ከእንግዲህ ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ካልቻልክ ሜትርና ፎቶ ያዝ። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልህ ለክተህ ካላየህ አትመን። የፊት እግሯም እንዲሁ ነው፤ በ1966 ሞዴል ላይ ስለተለወጠ የቀድሞውና የኋለኛው አይቀያየሩም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ 6 ቮልት ናት፣ መብራቷ ደካማ ነው። ከተፈታ የ12 ቮልት መኪና ዕቃ አግኝቻለሁ። ሽቦውን በሙሉ መቀየር አለብኝ?

መልስ፦ ሽቦው ጤነኛ ከሆነ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል፣ ግን አስበው፤ 36 ዋት አምፖል በ6 ቮልት 6 አምፒር ይስባል፣ በ12 ቮልት 3 አምፒር ብቻ። የድሮው ሽቦ ለብዙው ስለተሠራ ለትንሹ ይተርፋል። የተሰነጠቀውን፣ የተላጠውን፣ በፕላስተር የተጠቀለለውን ግን ቀይር፣ የጎደለ ፊውዝ በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልሎ መክተት ደግሞ የእሳት ጥሪ ነው።

የምትቀይረው አምፖሎቹን በሙሉ፣ ባትሪውን፣ ዲናሞውን ከነመቆጣጠሪያው፣ ቦቢናውን (ለካንዴላ ኃይል የሚሰጠውን)፣ ፍላሸሩን (ፍሬቻ ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን)ና የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ሞተሪኖ ላይ ነው። የ6 ቮልቱ ፍላይ ዊል (ሞተሪኖው የሚያዞረው ጥርሳም ክብ ብረት) 109 ጥርስ አለው፣ የ12 ቮልቱ 130። ስለዚህ የ12 ቮልት ሞተሪኖ ከአሮጌው ፍላይ ዊል ጋር አይናከስም። ፍላይ ዊሉን ልቀይር ብትል ደግሞ ትልቁ በአሮጌው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ስለማይበቃው ቤቱ በግራይንደር መፋቅ አለበት። ብዙዎች የ6 ቮልቱን ሞተሪኖ እንዳለ ትተው በ12 ቮልት ያሠሩታል። ይሠራል፣ በኃይልም ይዞራል፤ ሞተሩ ቶሎ የሚነሳልህ ከሆነና ቁልፉን ይዘህ የማትቆይ ከሆነ ችግር የለውም።

ባትሪውን ከኋላ ወንበር ሥር ስትመልስ ጫፎቹ ላይ ክዳን ይኑር። ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሞላ ወርዶ ጫፎቹን ከነካ ወንበሩ ይቃጠላል። እንዲህ የተቃጠሉ ቮልሶች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ግቢ ውስጥ መኪና እያደሰ ነው። ደስታውን አልነፍገውም፣ ግን ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፣ ቤንዚን በጆግ ይቀመጣል፣ መኪናዋም በብሎኬት ላይ ቆማለች። ብናገረው ትፈሪያለሽ ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ይህን ገጽ አሳዪው። ወንድሜ፣ ብሎኬቱን ዛሬ አውጣ። ብሎኬት ሸክሙ በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ክሪክም ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። በብረት ካቫሌቶ፣ በጠንካራ መሬት ላይ አቁማት፣ ከመግባትህ በፊት በኃይል ገፋ ገፋ አድርጋት። ጎማ ካወጣህ ጎማውን ከሻንሲው ሥር አስተኛው።

ቤንዚን ክዳኑ በሚገጥም ለቤንዚን በተሠራ ዕቃ፣ ልጅ በማይደርስበት፣ ከቤት ውጭ። ብየዳ በምትሠራበት ቀን ታንከሩን አውጣው፣ ባትሪውን ንቀል። ባዶ ታንከር ላይ ደግሞ እሳት አታስጠጋ፤ ፈሳሹ ቢያልቅም ተኑ ውስጥ አለ፣ የሚፈነዳውም እሱ ነው። የቮልስ ሞተር ቤት የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ያባብሰዋል። እሳት ማጥፊያ ከአጠገብህ ይኑር፣ እሳቱ ሞተሩ ጋ ሳይደርስ ለማጥፋት።

አቧራም አለ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ የድሮ ቀለም እርሳስ ይይዛል። በአየር አትንፋው፣ በደረቁ አትፈግፍገው። እርጥብ አድርገህ፣ ማስክ አጥልቀህ ሥራ፣ የሥራ ልብስህንም ከልጆቹ ልብስ ጋር አታሳጥበው። ዝገት በኤሌክትሪክና በሶዳ ውኃ የምታስለቅቅ ከሆነ ተራ ብረት ተጠቀም እንጂ አይዝጌ ብረት አትጠቀም፣ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሚቀጣጠልም ቤት ውስጥ አይደረግም። ልጆቹ ከፈለጉ ቡሎን ይጠቡ፣ ከረጢት ላይ ይጻፉ፤ መኪናዋ ክሪክ ላይ ስትሆን ግን አጠገቧ አይድረሱ።

ጥያቄ፦ ብየዳው አልቋል፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ቀብቼ ውጭ አቁሜያታለሁ። ለቀለሙ ገንዘብ እስካጠራቅም ብትቆይ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ተራው አንቲረስት ውኃ አይከለክልም፣ ይመጥጣል እንጂ። ዝናብና ጤዛ አልፎት ይገባና ከሥሩ እንደገና ይዝጋል፣ የለፋህበት ሁሉ ይመለሳል። ወይ ጣራ ሥር አስገባት፣ ወይ የመጨረሻው ቀለም ባይሆንም ርካሽ ቀለም ደርብበት፣ ወይ ደግሞ ገና ያልቀባህ ከሆንክ ኢፖክሲ የሚባለውን ዓይነት ቀባ፤ እሱ ውኃ ያግዳል። የጎን ቱቦዎቹን ውስጥ ደግሞ በሰም ወይም በዘይት ርጭ፣ ብሩሽ አይደርስበትም። ከሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን እንዳትደፍናቸው።